ኮሙናሉን የወጣቶች ጤና ማዕከል ከማድረጋችሁ በፊት

ጥያቄ፦ "አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነዋሪና የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። በግቢያችን ያለው ኮሙናል ቤት (የነዋሪው የጋራ መጠቀሚያ ቤት) ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቷል። ዕድሩና የነዋሪዎች ማኅበሩ የወጣቶች ጤና ማዕከል ልናደርገው አስበናል። አሜሪካ የሚኖሩ የአባሎቻችን ልጆች ለእድሳትና ለዕቃ ገንዘብ ለመላክ ቃል ገብተዋል። ነዋሪውንም በእሑድ ስብሰባ ጠይቀን በአንድ ድምፅ ተስማምቷል። ዕቅዳችን አንድ ክሊኒክ፣ ጂምና የፑል ክፍል ነው። ልጆቻችን በጫትና በቤቲንግ እያለቁ ነው። ሳያስቡት አርግዘው ትምህርት ያቋረጡ ሴት ልጆችም አሉ። መጀመሪያ የትኞቹን የሕክምና ዕቃዎች እንግዛ? ስንት ነርስስ ያስፈልገናል?"

ምላሽ፦

ለጊዜው ዕቃም አትግዙ፣ ነርስም አትቅጠሩ። ሁለቱም የሚወሰኑት ገና ያልጠየቃችኋቸው ሰዎች በሚሰጡት መልስ ነው።

ነዋሪው በአንድ ድምፅ ተስማምቷል ብለዋል። በእሑድ ስብሰባ ላይ ግን ማን እንደሚገኝ እናውቃለን። የቤት ባለቤቶች አሉ። አባወራዎች አሉ። ጥቂት እናቶችና ከኋላ የቆሙ ጎረምሶች ይኖራሉ። ተከራይ ብዙ ጊዜ አይጠራም። የቤት ሠራተኛዋ በዚያ ሰዓት ወጥ እየሠራች ነው። የ15 ዓመት ልጅ ብትገኝ እንኳ አባቷ ባለበት እጇን አውጥታ "ስለ እርግዝና መከላከያ የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ" አትልም። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው የወላጆች ፈቃድ ነው። እሱም ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰፈር ይህን አላገኘም። የወጣቶቹ ድምፅ ግን ገና አልተሰማም።

የጂሙና የፑሉ ሐሳብም መታረም አለበት። ወጣቱን በጨዋታ ስበን ወደ ክሊኒኩ እናስገባዋለን የሚለው አስተሳሰብ በብዙ አገር ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ በታዳጊ አገሮች ስላሉ የወጣት ማዕከላት የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ አይቷቸው ነበር። የማዕከላቱ ተጠቃሚዎች በአብዛኛው ወንዶች ሆነው ተገኙ። ቅርብ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውም ከታሰበው ከፍ ያለ ናቸው። የሚመጡት ለመዝናናት ነው። የጤና አገልግሎቱን የሚጠቀሙት ጥቂቶች ናቸው። የአገራችንም ተሞክሮ ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት የወጣ ጥናት የወጣት ፕሮግራሞች እነማን ጋ እንደሚደርሱ ፈትሾ፣ በብዛት የሚጠቀሙት በዕድሜ ከፍ ያሉ ወንዶች መሆናቸውን አሳይቷል።

እናንተም ጋ የሚሆነው ይኸው ነው። የፑል ክፍሉን የሃያዎቹ ዕድሜ ወንዶች ከጠዋት እስከ ማታ ይይዙታል። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በእነሱ መሃል አልፋ ነርስ ጋ አትገባም። ጂም አትክፈቱ እያልኩ አይደለም። ስፖርት በራሱ ጥቅም አለው። ግን በሌላ ቦታና በሌላ በር ይሁን፤ ለሴቶችም የተለየ ሰዓት ይያዝለት።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የቦታው ጉዳይ ነው። የሰፈር ማዕከል ትልቁ ጉልበቱ ቅርበቱ ነው። ትልቁ ችግሩም ያው ቅርበቱ ነው። ኮሙናሉ ያለበትን አስቡት። በብሎኮች መሃል ነው፤ ዙሪያው በረንዳ ነው። ልብስ የምታሰጣ እናት፣ ቡና የምታፈላ ጎረቤት፣ የግቢው ጥበቃ፣ ሁሉም በሩን ያያል። "የእገሌ ልጅ ዛሬ እዚያ ገባች" ለመባል አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ወጣት ከጤና ተቋም የሚሸሸው ብዙ ጊዜ ዕቃ ስለጎደለ አይደለም። እንዳይታይ ነው። እንዳይገሠጽ ነው። ነርሷ የእናቴ ማኅበርተኛ ብትሆንስ ብሎ ነው።

ብዙ የአዲስ አበባ ልጃገረዶች ፖስት ፒልን (ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒን) ከፋርማሲ፣ ያውም ከሰፈራቸው ራቅ ካለ ፋርማሲ የሚገዙት ለዚህ ነው። ፋርማሲው ስም አይጠይቅም። ካርድ አያወጣም። በሁለት ደቂቃ ይሸኛል። ምክር የለውም፣ ምርመራ የለውም፣ ምስጢር ግን አለው። እናንተ የምትወዳደሩት ከዚህ ፋርማሲ ጋር ነው። ውድድሩን የምታሸንፉትም በአልትራሳውንድ ሳይሆን በሚታመን ሰውና በማይታይ በር ነው።

"ወጣት" ስትሉ ማንን ማለታችሁ እንደሆነም ቁርጥ አድርጉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወጣቶች ፖሊሲያችን ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ10 እስከ 19 ያሉትን ለብቻ ያያቸዋል፤ ምክንያቱም ችግራቸው የተለየ ነው። የ13 ዓመት ልጅና የ28 ዓመት ሰው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ወረፋ አይጠብቁም። ምክሬ ከ13 እስከ 19 ላይ እንድታተኩሩ ነው። እርስዎ የጠቀሷቸው ትምህርት ያቋረጡ ልጆች እዚህ ዕድሜ ላይ ናቸው። ብዙው ሱስም የሚጀምረው እዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ጤና ችግሮች ሲሶው ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሹ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት ይጀምራል። ከፍ ያሉትን አትመልሱ፤ ማዕከሉ ግን ለትንንሾቹ ይሠራ።

ታዲያ እንዴት ነው የሚጠየቁት? በትንንሽ ቡድን፣ በየዕድሜያቸው፣ ሴትና ወንድ ተለይተው። ተማሪ ልጃገረዶች ለብቻ፣ ተማሪ ወንዶች ለብቻ። ትምህርት ያቆሙ፣ በታክሲ ረዳትነትና በቀን ሥራ ያሉ ለብቻ። የቤት ሠራተኞች ለብቻ። ልጅ የያዙ ወጣት እናቶች ለብቻ። አካል ጉዳት ያለባቸውን በየቤታቸው ሄዳችሁም ቢሆን አግኟቸው። ከእያንዳንዱ ቡድን ጋር ከአንድ ጊዜ በላይ ተቀመጡ፤ በመጀመሪያው ቀን ማንም እውነቱን አያወጣም። ጠያቂው የሰፈሩ ሰው አይሁን። ከሌላ ክፍለ ከተማ የመጣች ወጣት ማኅበራዊ ሠራተኛ ከዕድሩ ዳኛ የበለጠ ትሰማለች። ዳኛው የተከበሩ ስለሆኑ ነው ልጆቹ የማይናገሩት።

ጥያቄውም ይለወጥ። "ምን ዓይነት ማዕከል ትፈልጋላችሁ?" ብትሏቸው ጂምና ዋይፋይ ይሏችኋል። ይልቅ "ባለፈው ሲያማችሁ የት ሄዳችሁ? መጀመሪያ ለማን ነገራችሁ? ከየት ተመለሳችሁ?" በሏቸው። ወረቀት ስጧቸውና የሰፈሩን ካርታ ይሳሉ። የሚፈሩበትን መንገድ፣ የሚቀመጡበትን ጥግ፣ የቤቲንግ ቤቶቹን፣ የማያልፉበትን ሰዓት ያመልክቱ። ያንን ካርታ አይታችሁ በሩ የት መሆን እንዳለበት ካላወቃችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

በጥሞና መጠየቅ ዕቅድን ምን ያህል እንደሚለውጥ የሚያሳይ የአገር ውስጥ ምሳሌ አለ። ስማርት ስታርት የሚባለው ፕሮግራም የተሠራው በገጠር ላሉ አዲስ ተጋቢ ልጃገረዶች ነው። ዓላማው የቤተሰብ ዕቅድ ነበር። ልጃገረዶቹና ባሎቻቸው ሲጠየቁ ግን አሳባቸው ኑሮው ላይ ነበር፤ ጎጆ ማቆሙ፣ ገንዘቡ። ስለዚህ ውይይቱ ከቤተሰብ ገንዘብ አያያዝ እንዲጀምር ተደረገ። መቼ ልጅ እንደሚወለድና ልጅ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። የእናንተ ልጆችም በር የሚከፍትላቸው ጉዳይ ከምታስቡት ሌላ ሊሆን ይችላል። ሞዴስ መግዣ ማጣት ሊሆን ይችላል። የፈተና ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ብጉር እንኳ ሊሆን ይችላል። አትናቁት፤ በብጉር የመጣ ልጅ በሁለተኛው ቀን ስለ ድብርቱ ሊያወራ ይችላል።

ስለ ቤት ሠራተኞች ትንሽ ልጨምር፤ በየኮንዶሚኒየሙ በብዛት አሉ፣ በስብሰባ ግን ማንም አያነሳቸውም። ከገጠር የመጡ ናቸው። ዘመድ አጠገባቸው የለም። ለጥቃት ከሁሉም በላይ የተጋለጡት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ የተጀመረው ብሩህ ተስፋ የተባለ ፕሮግራም እንዲህ ዓይነት ልጆችን ለማግኘት ማዕከል ከፍቶ አልጠበቀም። ሴት አሠልጣኞች ቤት ለቤት እየዞሩ መዘገቧቸው። ከአሠሪዎች ጋር ተደራደሩ። መሰብሰቢያውንም ቀበሌዎች ሰጡ። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው በሰፈራችሁ አለ። አሠሪዋን የሚያውቅ ዕድር ነው። "ልጅቷን በሳምንት ሁለት ሰዓት ልቀቁልን" ብሎ መጠየቅ ከየትኛውም ዕቃ በላይ ዋጋ አለው።

ወጣቶቹ ከተሰሙ በኋላ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ማን ምን ይወስናል? ይህን በጽሑፍ ካላስቀመጣችሁ በመጀመሪያው ውዝግብ ትፈርሳላችሁ። የሥራ ሰዓቱን፣ የበሩን ቦታ፣ የማዕከሉን ስም፣ የሠራተኛውን ፀባይ የሚመለከተውን ነዋሪውና ወጣቱ አብረው ይወስኑ። ምን ዓይነት ሕክምናና መከላከያ እንደሚሰጥ የሚወስነው ሙያውና የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ነው፤ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ስለ አንድ ልጅ ጉዳይ ማን ይወቅ የሚለው ደግሞ የልጁ ብቻ ነው። ኮሚቴው "እነማን መጡ?" ብሎ የመጠየቅ መብት የለውም። ዕድሩ ገንዘብ ስላዋጣ፣ ሊቀመንበሩ ቁልፍ ስለያዘ ይህ መብት አይገኝም።

ወላጆች እዚህ ላይ ይደነግጣሉ። "ልጄን ደብቀው ሊያባልጉብኝ ነው?" ይላሉ። ፍርሃቱ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ በክብር መልሱለት። ስለ ሥነ ተዋልዶ በአግባቡ ማስተማር ልጆች ወሲብ የሚጀምሩበትን ጊዜ እንደማያፋጥን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ላይ ያሰባሰባቸው ጥናቶች ያሳያሉ። ይህን ንገሯቸው። የሚሰጠውን አገልግሎት ዝርዝር አንድም ሳትደብቁ በግልጽ ንገሯቸው፤ የመከላከያውን ነገር ጨምሮ። ከድብቅ ዝርዝር የተነሳ የጠፋ እምነት አይመለስም። ምን እንደሚሰጥ ሁሉም ያውቃል፤ ማን እንደተጠቀመ ማንም አያውቅም። ደንቡ ይህ ይሁን።

ምስጢር መጠበቅ ለኅብረተሰባችን እንግዳ አይደለም። ለንስሐ አባት የተነገረ ነገር ቤት ገብቶ አይወራም። በሙስሊሙም ዘንድ አደራ የተሰጠ ቃል ከባድ ነው። ካህኑንና ኢማሙን ቀድማችሁ ያዙ። ሁሉንም አገልግሎት እንዲባርኩ አትጠይቋቸው፤ ያልሆነ ቃል ማስገባት ይሆናል። የሚመጡትን ልጆች በአደባባይ እንዳያሸማቅቁ፣ ተጨንቆ ወደ እነሱ የሄደውን ልጅ ወደ ባለሙያ እንዲልኩ ጠይቋቸው። ይህን አብዛኞቹ ይቀበሉታል።

ሕጉንም እወቁት። በኤችአይቪ ምርመራ መመሪያችን 15 ዓመት የሞላው ሰው በራሱ ፈቃድ መመርመር ይችላል። የጤና መረጃ ደግሞ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ አለው። ስለዚህ መዝገባችሁ ኮሙናሉ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ደብተር ሊሆን አይችልም። ኮሙናሉ ራሱም በጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የቤት ባለቤቶቹ የጋራ ሀብት ነው። አገልግሎቱን ለመቀየር በቃለ ጉባኤ የተያዘ የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ያስፈልጋል። የእሑዱ ጭብጨባ አይበቃም።

አሁን አማራጮቹን እንያቸው። የራሳችሁን ክሊኒክ መክፈት አንዱ ነው። ለዚህ ከከተማው ተቆጣጣሪ አካል ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ የክፍል ብዛት፣ ኃላፊ ባለሙያ፣ ውኃ፣ የሕክምና ቆሻሻ ማስወገጃ ይጠይቃል። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ደመወዙ በየወሩ ይመጣል። ከአሜሪካ የሚላክ ገንዘብ ደግሞ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ይሞቅና ይቀዘቅዛል። በዚህ መልክ ተከፍተው አንድ ነርስ ስትለቅ የተዘጉ ክፍሎችን አይቻለሁ። ሕንፃው ይቀራል፣ ቆልፎት የሄደው ሰው ቁልፉን ለማን እንደሰጠ የሚያውቅ የለም። ሌላው አማራጭ አገልግሎቱን ሙሉ በሙሉ ለመንግሥት ጤና ጣቢያው መተው ነው። በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ያህል ሰው ታስቦ ነው የሚሠራው። ነርሷ ወረፋ በዝቶባታል። ካርድ ክፍሉ ስም ጮክ ብሎ ይጠራል። የወጣቶች ክፍል በሩ ላይ ተጽፎ ውስጡ ዕቃ ማከማቻ የሆነበትም ጤና ጣቢያ አለ። ያንን ዝም ብሎ ማመን ልጆቹን ወደ ፋርማሲው መመለስ ነው።

እኔ የምመክራችሁ ሁለቱን ማጣመር ነው፤ ያለ ማወላወል። ሕክምናው በጤና ጣቢያው ይሁን፤ ምክሩና መቀበያው በሰፈር ይሁን። ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ከጤና ጣቢያው ጋር የስምምነት ሰነድ ተፈራረሙ። ጤና ጣቢያው በጎን በር የሚገባበት አንድ ክፍል፣ በተወሰኑ ሰዓታት፣ በዚህ ሥራ የሠለጠነች አንድ ነርስ ይመድብ። ከእናንተ የሚላክ ልጅ ካርድ ክፍል ሳይሰለፍ በቁጥር ኮድ ይግባ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ዕቅድና የኤችአይቪ ምርመራ በነጻ ነው፤ ስለዚህ ለእነዚህ የጤና መድህን ደብተር አያስፈልግም። ይህን ለልጆቹ አስረግጣችሁ ንገሯቸው። ደብተሩ የቤተሰብ ነው፤ ከእናት መሳቢያ ማውጣት ማለት ጥያቄ መጋበዝ ነው።

ኮሙናሉ ደግሞ ክሊኒክ የሚል ጽሑፍ አይለጠፍበት። የንባብ፣ የትምህርት ድጋፍ፣ የሥራ ፍለጋ ምክር ቦታ ይሁን። ማንም ሰው ለማንኛውም ጉዳይ የሚገባበት በር ማንንም አያጋልጥም። ውስጡ ድምፅ የማያሳልፍ አንድ ትንሽ ክፍል ይኑረው። እዚያ የሥነ ልቦና ወይም የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ትቀመጥ። ገንዘባችሁ ወደ እሷ ደመወዝ ይሂድ። ከጎኗ ሁለት ሦስት የሠለጠኑ ወጣቶች ይኑሩ፤ የትራንስፖርት ይከፈላቸው። በነጻ የሚሠራ ወጣት ሥራ ሲያገኝ ይሄዳል፣ መሄድም አለበት፤ ስለዚህ በየዓመቱ አዲስ የማሠልጠን ዕቅድ ይያዝ። ሰዓቱ ከትምህርት መልስ እስከ ምሽት፣ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ይሁን። የመንግሥት ሥራ ሰዓት የተማሪም የቤት ሠራተኛም ሰዓት አይደለም።

የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይረዷችኋል፤ ቤት ለቤት የሚያውቁ እነሱ ናቸው። ግን እናቶቹንም ስለሚያውቁ ልጆቹ መጀመሪያ ይጠነቀቋቸዋል። ልጅ ከማምጣት ይልቅ ወላጅ በማሳመን ብትጠቀሙባቸው ይሻላል። በአካባቢው ያሉ ፋርማሲዎችንም ጥሩና አነጋግሩ። ፖስት ፒል ለምትገዛ ልጅ አድራሻችሁ ያለበት ትንሽ ወረቀት ቢሰጡ ብዙ ነው።

ጫቱንና ቤቲንጉን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ክሊኒክ ቤቲንግ ቤት አይዘጋም። ልጁ እዚያ የሚውለው ከትምህርት ውጭ ያለው ሰዓቱ ባዶ ስለሆነ፣ ሥራ ስለሌለው፣ ጓደኞቹም እዚያ ስለሆኑ ነው። አማካሪዋ የተጠመደውን አንድ ልጅ ትረዳለች፤ ሰፈሩን ግን አትቀይርም። ሰፈሩን መቀየር የሚችለው ዕድሩ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልና ትምባሆ መሸጥ ይከለክላል። በግቢያችሁ ያሉ ግሮሰሪዎችና ሱቆች ይህን እንዲያከብሩ መጠየቅ፣ ባያከብሩ ለወረዳው ማሳወቅ የእናንተ ሥራ ነው። ከኮሚቴው ጉልበት ግማሹ እዚህ ላይ ቢውል ደስ ይለኛል።

ሦስት ነገር ላይ በጣም ተጠንቀቁ። አንዲት ልጅ ተደፍራ ከመጣች ጊዜ የለም። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ አምስት ቀን ነው፣ በቶሎ ሲወሰድ ይሻላል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናን፣ ፖሊስንና ምክርን አንድ ላይ የያዘ ማዕከል አለ። ልጅቷን ማን እንደሚያደርሳት፣ በምን መኪና፣ በሌሊትም ቢሆን፣ አማካሪዋ ከመጀመሪያው ቀን ትወቅ። ጉዳዩን ወደ ሽምግልና የሚወስድ የኮሚቴ አባል በዚያው ቀን ከኮሚቴው ይውጣ። ይህን በመተዳደሪያ ደንባችሁ ጻፉት። ዕድር የሽማግሌ ቤት ስለሆነ ግፊቱ ይመጣል፣ ምናልባትም ከደፋሪው ቤተሰብ።

ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ ልጅም ይመጣል። አማካሪዋ ብቻዋን አትሸከመውም። ከጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር፣ ከዚያም ከአማኑኤል ሆስፒታል ጋር የሚያገናኝ መስመር ይኑራት። ምስጢር የማይጠበቅባቸው ጉዳዮች እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅና በልጅ ላይ ጥቃት ሲፈጸም። ይህ ለልጁ ወሬው ከመጀመሩ በፊት ይነገረው። ልጁ ምስጢሩን ከነገራችሁ በኋላ "ይቅርታ፣ ልንናገር ነው" ማለት ክህደት ነው።

የመጨረሻው ጥንቃቄ ፎቶ ነው። ከአሜሪካ የረዱ ልጆች ፎቶ ይጠይቃሉ፤ ክፋት የለውም፣ ያዋጡት ምን እንዳደረገ ማየት ይፈልጋሉ። የታደሰውን ክፍል፣ ወንበሩን፣ መጻሕፍቱን ላኩላቸው። የአንድም ልጅ ፊት አትላኩ። በግቢው ቴሌግራም ግሩፕ ላይም አይለጠፍ።

ለእነሱ የምትነግሯቸው ሌላም ነገር አለ። አንድ ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ከመላክ ለሦስት ዓመት በየወሩ ትንሽ ቢልኩ ይሻላል። እድሳት በትንሽ ያልቃል፤ ደመወዝ ግን አያልቅም። ገንዘቡን የሚቀበለው ማን እንደሆነም ይለይ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርን አይመለከትም፤ ስለዚህ የዕድር ሒሳብ ለሌላ ዓላማ የመጣ ገንዘብ ማስተናገጃ አይሁን። የተለየ ሒሳብ፣ ሦስት ፈራሚ፣ ከፈራሚዎቹ አንዷ ወጣት ሴት።

ከወጣቶቹ የተውጣጣ ኮሚቴ ይቋቋም። ግማሹ ከ20 ዓመት በታች፣ ቢያንስ ግማሹ ሴት፣ የሥራ ዘመኑ አንድ ዓመት። ስለ ሠራተኛ ፀባይ የሚሰጠው አስተያየት መልስ የሚያገኝበት ቀን ይቆረጥለት። ጤና ጣቢያዎች የኅብረተሰብ ተወካይ ያለበት ቦርድ አላቸው። እዚያ አንድ ወንበር ጠይቁላቸው፤ ከልጆቹ ድምፅ ቦርዱን የሚያነቃ ነገር ይገኛል።

የምትቆጥሩትም ስንት ሰው መጣ የሚለውን አይሁን። ስንቶቹ ከ18 በታች ናቸው? ስንቶቹ ሴቶች ናቸው? የቤት ሠራተኞች አሉ? ስንቱ ሁለተኛ ጊዜ ተመለሰ? ወደ ጤና ጣቢያ ከተላኩት ስንቱ ደረሰ? ይህ ያለ ስም ሊቆጠር ይችላል። በስድስት ወር ውስጥ ክፍሉ በሃያዎቹ ዕድሜ ወንዶች ብቻ ከተሞላ፣ ሰዓቱንና በሩን ቀይሩ። ከዚያም ካልተለወጠ ኮሙናሉን ትታችሁ ሙሉ በሙሉ ወደ ጤና ጣቢያው ጎን በር ተዛወሩ።

ከነገ ጀምሮ የምትሠሩት ይህ ነው። ለአሜሪካዎቹ ዕቃ እንዳይልኩ ጻፉላቸው። ጠቅላላ ጉባኤ ጥሩ። ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት የቡድን ውይይቶቹን የምትመራ አንዲት ከሰፈሩ ውጭ የሆነች ባለሙያ ቅጠሩ። የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አግኙና የወጣቶች ክፍሉን አሳዩኝ በሉ። ክፍሉ ውስጥ ካርቶን ተደርድሮ ካገኛችሁ፣ የመጀመሪያው የጋራ ሥራችሁ ካርቶኖቹን ማውጣት ነው። የደም ግፊት መለኪያና የምርመራ አልጋ እዚያው አለ። ነርሷም እዚያው ናት። የምትገዙት ዕቃ ካለ የክፍሉ መጋረጃ ነው።